የስካውት ወጣቶች የኅብረተሰብ አገልግሎት፦ የሥራው ምርጫና የባለቤቱ ጉዳይ

የትምህርት ቤት ወጣቶች በትርፍ ጊዜያቸው ለአካባቢያቸው የሚጠቅም ሥራ እንዲሠሩ ማድረግ በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። የስካውት ቡድኖች፣ የቀይ መስቀል ወጣቶች፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበባትና ሌሎችም በየዓመቱ ችግኝ ይተክላሉ፤ መንገድ ያጸዳሉ፤ ለችግረኞች እህልና ልብስ ይሰበስባሉ። ሥራው በሚጀመርበት ዕለት ንግግር ይደረጋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ስፍራ የሚያልፍ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የደረቀ ችግኝ፣ በሩ የወለቀ መጸዳጃ ቤት ወይም አጥሩ ፈርሶ ከብት የሚፈነጭበት ምንጭ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የሚደርስበትን ምክንያት መመርመርና ቡድኖቹን ለሚመሩ መምህራን፣ እንዲሁም የጊዜ ሰሌዳና በጀት ለሚያዘጋጁ የፕላን ባለሙያዎች ሊጠቅሙ የሚችሉ ነጥቦችን ማቅረብ ነው። በሥራው ቀን ወጣቱ እምብዛም አይሰንፍም፤ ዶማና አካፋ የተሰጠው የ15 ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ከሚጠበቅበት በላይ ይሠራል። ጉድለቱ የሚገኘው ከዚያ ቀን በፊት ሥራው በተመረጠበት መንገድና ከዚያ ቀን በኋላ የሥራው ባለቤት ሳይታወቅ በመቅረቱ ላይ ነው።

የሐሳቡ አመጣጥ

የስካውት እንቅስቃሴ መሥራች እንግሊዛዊው የጦር መኰንን ሮበርት ቤደን ፓወል ነበር። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1899 እስከ ሜይ 1900 በደቡብ አፍሪካ የማፈኪንግ ከተማ ለ217 ቀናት ተከብባ በነበረችበት ጊዜ የከተማይቱ ልጆች መልእክት በማድረስና በመሳሰለው ሥራ ሲረዱ ተመልክቶ ነበር። በኦገስት 1907 ከሀብታምና ከሠራተኛ ቤተ ሰቦች የመጡ 20 ያህል ልጆችን ይዞ ብራውንሲ በተባለች የእንግሊዝ ደሴት የሙከራ ሰፈር አካሄደ። በተከታዩ ዓመት ያሳተመው የስካውት መመሪያ መጽሐፍ ከእንግሊዝ አልፎ በብዙ አገሮች ተሠራጨ። በመመሪያው መሠረት ማንኛውም ስካውት በየዕለቱ ለሌላ ሰው አንድ በጎ ነገር ማድረግ ይጠበቅበታል፤ ለዚህም ዋጋ አይቀበልም።

የዕለቱ በጎ ተግባር የግል ግዴታ ነው። አንዲትን አሮጊት ሸክም ማገዝ ወይም የጠፋን ልጅ ወደ ቤቱ ማድረስ ስብሰባም ሆነ በጀት አይጠይቅም። ቡድን በኅብረት የሚያከናውነው አገልግሎት ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው፤ ሥራ ማከፋፈልን፣ ጊዜ መወሰንንና ከሌሎች ድርጅቶች ጋር መስማማትን ይጠይቃል። የግል ደግነት ብቻውን ለዚህ አይበቃም። በስካውት ታሪክ ውስጥም ከአንዱ ወደ ሌላው የተደረገው ሽግግር በአንድ ጊዜ የመጣ አልነበረም።

የአሜሪካ ስካውቶች ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። በታላቁ የኤኮኖሚ ቀውስ ዘመን፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1934 እ.ኤ.አ.፣ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በራዲዮ ባደረጉት ጥሪ መሠረት ስካውቶች ለችግረኞች የሚሆን ልብስ፣ የቤት ዕቃና ምግብ ከየቤቱ እየዞሩ ለቀሙ፤ የተሰበሰበው ዕቃ ቁጥር ወደ 1.8 ሚሊዮን እንደ ደረሰ ተመዝግቧል። ከ50 ዓመታት በኋላ በ1985 በሴንት ሉዊስ ከተማ የተጀመረውና በ1988 በአገር አቀፍ ደረጃ የተስፋፋው የምግብ ማሰባሰብ ዘመቻም በዚያ ዓመት ከ60 ሚሊዮን በላይ የታሸገ ምግብ አስገኝቷል። የዘመቻው አሠራር እጅግ ቀላል ነበር። በአንድ ቅዳሜ ስካውቶቹ በየበሩ ባዶ ከረጢት አንጠልጥለው ያልፋሉ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰው የሞላውን ይሰበስባሉ። የተሰበሰበውን የማከማቸትና ለችግረኛው የማከፋፈል ተግባር ግን የልጆቹ አልነበረም፤ ይህን ሥራ ዘወትር የሚያከናውኑ የምግብ ዕርዳታ ድርጅቶች ይረከቧቸዋል። ሥራው ለልጅ አቅም የተመጠነ፣ መጨረሻው የታወቀ፣ ተረካቢውም አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር ማለት ነው። ብዙ ሰዎች የዘመቻውን ውጤት በቁጥሩ ብቻ ይለካሉ፤ ለፕላን ባለሙያ የሚጠቅመው ግን ከቁጥሩ ይልቅ ይህ የሥራ ክፍፍል ነው።

ሌላው ሊጠቀስ የሚገባው የንስር ማዕርግ ደንብ ነው። በአሜሪካ የስካውት ከፍተኛው ማዕርግ የሆነውን ንስርን ለማግኘት ወጣቱ አንድ የአገልግሎት ሥራ በራሱ አቅዶ፣ ሌሎችን መርቶ እንዲያከናውን የተደነገገው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን ባለው ደንብ ሥራው ለትምህርት ቤት፣ ለሃይማኖት ተቋም ወይም ለአካባቢው ሕዝብ የሚጠቅም መሆን አለበት። ለራሱ ለስካውት ድርጅቱ ወይም ለንግድ ቤት ጥቅም የሚውል ሥራ አይቆጠርም። ገንዘብ ማሰባሰብ ብቻውንም አይበቃም። ዕቅዱን ከሥራው በፊት ማጽደቅ ከሚገባቸው ወገኖች አንዱ አገልግሎቱን የሚቀበለው ክፍል ነው። ስለዚህም ተቀባዩ በመጨረሻ የሚጨበጨብለት እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ከመነሻው ሐሳብ የሚሰጥ፣ ካልተስማማውም «አይሆንም» የሚል ባለ ጉዳይ ይሆናል።

በአገራችን ያለው ልምድ

በኢትዮጵያ የጋራ ሥራ አዲስ ነገር አይደለም። ገበሬው ወንፈል ሲገባ ዛሬ ለጎረቤቱ ያረሰው ነገ እንደሚታረስለት ያውቃል። ደቦ የጠራ ባለቤት በበኩሉ ለመጡለት ሰዎች ጠላውንና ንፍሮውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። በሁለቱም ሥርዓቶች ሥራው የማን እንደ ሆነ አያጠራጥርም፤ ባለቤቱም እጁን አጣጥፎ አይመለከትም። የወጣቶች አገልግሎት ወደ ገጠር ቀበሌ ሲገባ ሕዝቡ የሚመዝነው በዚህ በለመደው ሚዛን ነው። ማን እንደ ጠራቸው ያልታወቁ፣ ማን እንደሚያበላቸው ያልተወሰነ፣ ማታ ተጭነው የሚመለሱ ልጆች ለገበሬው ግራ ናቸው። ሥራቸውንም «የመንግሥት ሥራ» ብሎ ቢተወው የሚያስገርም አይሆንም።

ትምህርት ቤቶችን ያሳተፉ ትላልቅ እንቅስቃሴዎችም ታይተዋል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ያደረገ ሲሆን፣ አብዛኞቹ በመምህርነት ተመድበዋል። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከዋል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተከፈተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። የስካውት እንቅስቃሴም በንጉሡ ዘመን በትምህርት ቤቶች ውስጥ ይካሄድ ነበር። በአሁኑ ዘመን በየክረምቱ የሚካሄደው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የአረጋውያንን ቤት ማደስን፣ ደም መለገስንና ተማሪዎችን ማስጠናትን ያጠቃልላል።

እነዚህ እንቅስቃሴዎች በዓላማቸውም ሆነ በዘመናቸው የተለያዩ በመሆናቸው በአንድ ሚዛን መመዘን ተገቢ አይደለም። ሆኖም በግዳጅ የተላከ ወጣትና ወዶ የሄደ ወጣት አንድ ዓይነት ሥራ ቢሠሩም አንድ ዓይነት ትምህርት እንደማይቀስሙ፣ ሕዝቡም ሁለቱን ለይቶ እንደሚያውቃቸው በዘመቻ የተሳተፉ መምህራን ሁሉ የሚዘነጉት አይደለም። ስካውትነት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ ርእሰ መምህር ስካውቶቹን ለግቢ ጽዳት ወይም ለእንግዳ አቀባበል እንደ ዝግጁ ጉልበት መቁጠር ከጀመረ ቡድኑ በሁለተኛው ዓመት ይበተናል።

ሥራን ስለ መምረጥ

ሥራ የሚመረጥበት የተለመደው መንገድ መምህሩ ወይም የወረዳው ጽሕፈት ቤት ወስኖ ለልጆቹ ማስታወቅ ነው። ይህ ጊዜ ይቆጥባል፤ የትምህርቱን ግማሽ ግን ከልጆቹ ይነጥቃል። ችግርን መለየት፣ ከችግሮች አንዱን ማስቀደም፣ የተቀረውን «ከአቅማችን በላይ ነው» ብሎ መተው ራሱን የቻለ ትምህርት ነውና።

ጥናቱ ረጅም መሆን አይኖርበትም። በስካውት ልማድ ከ6 እስከ 8 የሚሆኑ ወጣቶች ከመካከላቸው በሚመረጥ መሪ ሥር አንድ ንዑስ ቡድን ይሆናሉ። አንዱ ንዑስ ቡድን ውሃ የሚቀዱትን፣ ሌላው የዕድር ሽማግሌዎችን፣ ሦስተኛው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ቢጠይቅ በሁለት ሳምንት ውስጥ በቂ ፍሬ ነገር ይሰበሰባል። በዚህ ረገድ መምህሩ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በስብሰባ ላይ የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ ውሃ የሚቀዱት ግን እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ስብሰባው መንገድ ይጠገን ብሎ ሲወስን ምንጩ ዘንድ የተገኙት ሴቶች ሌላ ነገር ሊናገሩ ይችላሉ። ልጃገረዶች በቡድኑ ውስጥ ካሉ ይህን የሚሰሙት እነርሱ ናቸው። ደግሞም ብዙዎቹ ልጃገረዶች ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቤታቸው የሚጠብቃቸው ሥራ ስላለ፣ አገልግሎቱ በሸክማቸው ላይ የተጨመረ ሌላ ሸክም እንዳይሆን ሰዓቱን ከእነርሱ ጋር ተማክሮ መወሰን ይገባል።

ለዐይን የሚያምር ሥራ ከሚጠቅም ሥራ ይልቅ ቶሎ ይመረጣል። በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች፣ የትምህርት ቤት በር ላይ የሚቆም ምልክት፣ በዋና መንገድ ዳር የሚተከል ችግኝ ለጎብኚ ይታያሉ። ከሠፈሩ በታች ባለው ሸለቆ የሚገኘውን ምንጭ ግን ጎብኚ አያየውም።

ምሳሌ፦ የምንጭ ጥበቃ

ምንጭን ማጎልበት ለዚህ ዓይነት አገልግሎት እጅግ የሚስማማ ሥራ ስለሆነ በዝርዝር መመልከቱ ይጠቅማል። በብዙ የደጋና የወይና ደጋ ቀበሌዎች ሰውና ከብት ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ። ውሃው ከመሬት ሲወጣ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የሚበከለው ከወጣ በኋላ በእግር፣ በከብት ኮቴ፣ በመቅጃ ዕቃና ከበላዩ በሚወርድ ጎርፍ ነው። ስለዚህ የሥራው ዋና ሐሳብ ውሃውን ከዓይኑ ተቀብሎ ሳይነካ እስከ ቧንቧ ማድረስ ነው።

የመጀመሪያው ተግባር መለካት ነው። ይህም በበጋው መጨረሻ፣ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ፣ ውሃው እጅግ ባነሰበት ወቅት ይከናወናል። በጥቅምት የተለካ ምንጭ ያታልላል። መለኪያው ባለ 20 ሊትር ጄሪካንና የእጅ ሰዓት ብቻ ነው። ጄሪካኑ በ100 ሴኮንድ ቢሞላ ምንጩ በሴኮንድ 0.2 ሊትር፣ በቀን ደግሞ 17,280 ሊትር ይሰጣል። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢታሰብ ለ864 ሰዎች ይበቃል ማለት ነው። ይሁንና ሕዝቡ የሚቀዳው ጠዋትና ማታ በመሆኑ የሌሊቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ከሌለው ፈስሶ ይቀራል፤ ስሌቱም በወረቀት ላይ ብቻ ይሆናል። ይህን ሒሳብ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል፤ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ መልመጃ ይልቅም አይረሳውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ግንባታ ሁለት ዓይነት እጅ ይጠይቃል። ዓይኑን ቆፍሮ ማግኘት፣ የመሰብሰቢያውን ሣጥን መሥራት፣ የቧንቧውን ከፍታ መወሰንና ውሃውን በክሎሪን ማከም የወረዳው የውሃ ባለሙያና የግንበኛ ሥራ ነው። በተለይ ውሃውን ከተፈጥሮ መውጫው ከፍታ በላይ ገድቦ ማቆም ታላቅ ስሕተት ነው፤ የታፈነ ምንጭ በሌላ በኩል መንገድ ፈልጎ ሊሰወር ይችላልና። አንድ መንደር በመልካም አሳቢዎች እጅ ምንጩን የሚያጣው እንዲህ ነው። ወጣቶቹ ይህን ለባለሙያ ትተው ድንጋይና ጠጠር ያጓጉዛሉ፤ ከዓይኑ በላይ አሥር ሜትር ያህል ርቆ ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ይቀድዳሉ፤ ዙሪያውን በእሾህ ወይም በሕያው አጥር ያጥራሉ፤ ከቧንቧው በታች የከብት ማጠጫ ገንዳና የልብስ ማጠቢያ ስፍራ ያዘጋጃሉ። የከብቱ ገንዳ እንደ ተጨማሪ ነገር መቆጠር የለበትም። ገንዳ ያልተሠራለት ከብት አጥሩን ሰብሮ ይገባል፤ እረኛውም ቢሆን ሊፈረድበት አይችልም። በምንጩ አጠገብ ባሕር ዛፍ መትከል አይመከርም። መጸዳጃ ጉድጓድም ከምንጩ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ወደ ቁልቁለቱ መሆን አለበት። ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር በማንኛውም ሁኔታ ለልጆች የሚሰጥ ሥራ አይደለም፤ አፈር የሚናድበት ቅጽበት አይታወቅም።

በአንዳንድ የመስኖ አካባቢዎች ውሃን ተራ የሚያስይዝ «የውሃ አባት» የሚባል ሰው ከጥንት አለ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ባለበት አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም ይልቅ ነባሩን ባለ ሥልጣን መጠቀም ይሻላል። በሌለበት ደግሞ ከተጠቃሚዎቹ መካከል፣ በተለይም ከሴቶች፣ ምንጩን የሚጠብቁ ሰዎች አንድ ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት መመረጥ አለባቸው። የአካባቢው ሕዝብ አሸዋ፣ ድንጋይና ጉልበት ካላዋጣ ቡድኑ ሥራውን ባይጀምረው ይመረጣል። ይህ ጭካኔ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ደቦ የጠራ ሰው ከቤቱ የማይጠፋ መሆኑን ለሚያውቅ ገበሬ ግን እንግዳ ነገር አይደለም።

ችግኝ፣ ውሃና የትምህርት ዘመን

ከወጣቶች ሥራዎች ሁሉ የተለመደው ዛፍ መትከል ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታውቆ የሕዝቡን ትኩረት ወደዚህ ሥራ ስቧል። ለትምህርት ቤት ቡድን ግን ዋናው ጥያቄ «ስንት ተተከለ?» ከሚለው ይልቅ «ስንቱ ጸደቀ?» የሚለው ሊሆን ይገባል።

በጎረቤት አገር በኬንያ ዋንጋሪ ማታይ በ1977 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የአረንጓዴ ቀበቶ እንቅስቃሴ ለዚህ ብልሃት አግኝቶለት ነበር። ችግኝ ለሚያፈሉና ለሚተክሉ ሴቶች የሚሰጠው አነስተኛ ክፍያ የሚታሰበው ተተክሎ ለጸደቀው ችግኝ ነበር። ስካውት ክፍያ አይቀበልም፤ የአቈጣጠሩ ዘዴ ግን ያለ ክፍያም ይሠራል።

አቅምን አስቀድሞ ማስላትም ይገባል። 24 ወጣቶች ያሉበት ቡድን በአንድ ቅዳሜ 2,400 ችግኝ ሊተክል ይችላል እንበል፤ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቢራራቅ አንድ ሔክታር የማይሞላ መሬት ይሸፍናል፤ ለሪፖርትም ያማረ ነው። በመጀመሪያው በጋ ለእያንዳንዱ ችግኝ በሳምንት 5 ሊትር ውሃ ቢያስፈልግ ግን ድምሩ በሳምንት 12,000 ሊትር፣ ማለትም 600 ጄሪካን ይሆናል። ይህ ለአንድ ወጣት 25 ጄሪካን ነው፤ የማይቻል ነገር ነው። ያው ቡድን 240 ችግኝ ብቻ ቢተክል የእያንዳንዱ ድርሻ በሳምንት ሁለት ጄሪካን ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ዐሥር ችግኝ ለአንድ ልጅ የሚል ልክ ከጉራ የራቀ፣ ሊፈጸም የሚችል ልክ ነው። የተተከለው ዋንዛ፣ ኮሶ ወይም የሐበሻ ጥድ ቢሆን ልጁ ከትምህርት ቤቱ ከወጣ በኋላም ዛፉ ቆሞ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ የፕላን ባለሙያዎች ሊያስቡበት የሚገባ አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ አለ። የትምህርት ዘመኑ ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው፤ ችግኝ የሚተከለው ግን በሐምሌ፣ ተማሪው ወደየቤተ ሰቡ ከተበተነ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ክረምቱ ያልፋል፤ የውሃ ማጠጣቱና ከከብት የመጠበቁ ሥራ ከኅዳር እስከ ግንቦት በሙሉ በትምህርት ወራት ላይ ይወድቃል። በዚህም ምክንያት ጉድጓዱ በግንቦት ተቆፍሮ፣ ችግኙ በትምህርት ቤቱ መደብ ላይ ፈልቶ ሊቆይና፣ በአቅራቢያው የሚኖሩት ልጆች ብቻ በሐምሌ ሊተክሉት ይገባል። ከሩቅ የሚመጡት ድርሻቸውን በበጋው ውሃ በማጠጣት ይወጣሉ። ለአገልግሎቱ የሚመደበው አነስተኛ በጀትም በሰኔ ከተዘጋ ሥራው በሚከናወንበት ወር ገንዘብ አይገኝም፤ ይህ ዘወትር የሚያጋጥም ነገር ነው።

ግንባታ በበጋ፣ ተከላ በክረምት፣ ጥናት በመስከረምና በጥቅምት ከሆነ አንድ ሥራ በአንድ ሴሚስተር አያልቅም። የአንድ ዓመት ዕቅድ ለጥናቱና ለሥራው ብቻ ይበቃል፤ ክትትሉን ለማየት ሁለተኛ ዓመት ያስፈልጋል። በመሆኑም በየዓመቱ አዲስ ሥራ እንዲጀመር የሚጠይቅ የሪፖርት ቅጽ ራሱ ለውድቀቱ ምክንያት ይሆናል።

ለታናናሾች የሚሰጥ አገልግሎት

አገልግሎት ሁሉ ዶማ የሚጠይቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. 1979 የዓለም የሕፃናት ዓመት ሆኖ ሲከበር በለንደን የጀመረው «ከልጅ ለልጅ» የተባለው የጤና ትምህርት ፕሮግራም የተነሣው ታላላቅ ልጆች ታናናሾቻቸውን እንደሚያሳድጉ ከመገንዘብ ነው። በአገራችን ይህ ለማንም አዲስ ወሬ አይሆንም። ትራኮማ በብዛት በሚገኝባቸው ወረዳዎች ስካውቶች የታናናሾችን ፊት በየጠዋቱ ማስታጠብ ይችላሉ፤ ውሃ በሚያጥርበት ስፍራም ከግርጌው በጥቂቱ የተበሳ ቆርቆሮ ሰቅሎ በሚንጠባጠበው ውሃ መታጠብ ብዙ ውሃ ይቆጥባል።

ለአዋቂዎች ትምህርት መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሰባት የወለደች እናትን ስለ ተቅማጥ ሊያስተምር ቢቆም ንግግሩ እውነት ቢሆንም ሁኔታው ነውር ይሆናል፤ እናቲቱም በትሕትና ሰምታ ትተወዋለች። የተሻለው መንገድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትናገር ልጆቹ በተግባር ማሳየታቸው ነው፤ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልክ ተለክቶ፣ በእናቶቹ ፊት ይቀላቀላል። የተዘጋጀው የጤና ጣቢያ ዱቄት በሚገኝበት ጊዜ እርሱ እንደሚቀደምም ይነገራል። ልጁ እዚህ ላይ አስተማሪ ሳይሆን አጋዥ ስለሆነ ማንም አይቀየምም።

ሰዓት ስለ መቁጠር

የአገልግሎት ሥራ ወደ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ የሚነሣው ጥያቄ በምን ይለካ የሚለው ነው። በአሜሪካ የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ከ1997 ተመራቂዎች ጀምሮ እያንዳንዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የ75 ሰዓት አገልግሎት እንዲኖረው አዝዟል። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የንስር ሥራ በበኩሉ አነስተኛ የሰዓት ልክ አልተቆረጠለትም፤ የሚመዘነው ወጣቱ ማቀዱና መምራቱ፣ ሥራውም ለተቀባዩ መጥቀሙ ነው። ሰዓት ለመዝገብ ያመቻል፤ ለብዙ ሺህ ተማሪዎች ደንብ የሚያወጣ መሥሪያ ቤትም ሌላ ምርጫ ላይኖረው ይችላል። ይሁን እንጂ ሰዓት የሚቈጠርለት ልጅ ሰዓቱን ይሞላል። አጥሩ መቆሙን ለማየት በኅዳር ተመልሶ የሚሄደው ልጅ በሰዓት መዝገብ ላይ የሚያገኘው ግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ ለሥራው ግን ከሁሉ የበለጠ የጠቀመው ያ ግማሽ ቀን ነው። ስለዚህ ለስካውት ቡድኖች ከሰዓት መዝገብ ይልቅ የሥራ መዝገብ ይሻላል፤ ምን ታየ፣ ምን ተወሰነ፣ ማን ተስማማ፣ ምን ተሠራ፣ ከስድስት ወር በኋላ ምን ተገኘ የሚለውን ልጆቹ በተራ ይጽፉበታል። የአማርኛ መምህሩ ይህን መዝገብ ለጽሕፈት ትምህርት ቢጠቀምበት ሌላ ርእስ መፈለግ አያስፈልገውም።

ስለ ርክክብ

ሥራው ሲያልቅ የሚደረገው ርክክብ በአብዛኛው በዓል ነው። በዓሉ አይከፋም፤ ልጆቹም ይገባቸዋል። ነገር ግን ከበዓሉ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት መጻፍ አለበት። በዚያ ወረቀት ላይ የሥራው ባለቤት ማን እንደ ሆነ፣ ቁልፍ ካለ ማን እንደሚይዘው፣ አጥሩ ሲፈርስ ማን እንደሚጠግነው፣ ቧንቧ ሲሰበር ገንዘቡ ከዕድር ወይስ ከውሃ ኮሚቴ እንደሚወጣ፣ ከባለሙያዎቹም ማን እንደሚጠራ ይገለጻል። ቡድኑ፣ ትምህርት ቤቱና ተረካቢው ፈርመው አንዳንድ ቅጂ ይይዛሉ። ፊርማው የማይገኝ ከሆነ ይህ ራሱ ተረካቢ እንደሌለ ማስረጃ ስለሚሆን ወረቀቱ በርክክቡ ዋዜማ ሳይሆን በጥናቱ ወር ቢዘጋጅ ይመረጣል።

መምህሩም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ይዛወራል። ቡድን መሪው ሲዛወር የሥራ መዝገቡና የርክክቡ ቅጂዎች በርእሰ መምህሩ ቢሮ እንዲቀመጡ፣ አዲስ የሚመደበው መሪም በመጀመሪያው ወር ከነባር ስካውቶች ጋር የቀድሞዎቹን ሥራዎች በአካል ዞሮ እንዲያይ ማድረግ ይገባል። በዚህ ጉብኝት የተበላሸ ነገር ከተገኘ ለዚያ ዓመት አዲስ ሥራ ከመፈለግ በፊት ተረካቢውን ጠርቶ መነጋገር ይቀድማል። ጥገናው ትንሽ ከሆነ ቡድኑ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል፤ ባለቤቱ ካልመጣ ግን ሥራው እስኪመጣ ይቆያል።